«ሥራ አጥነት 8 በመቶ» ሲሉ እኛ ቤት ማንን ቆጥረው ነው?

የአራዳዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቁጥር የሚገባችሁ ሰዎች ካላችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ።

ጎንደር ነው የምኖረው፣ አራዳ አካባቢ። አካውንቲንግ ተምሬ ከተመረቅሁ ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ጓደኛዬ ስለ ሥራ አጥነት የተጻፈ ነገር በቴሌግራም ላከችልኝ። በ2013 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2021) በተደረገው የሠራተኛ ኃይልና የፍልሰት ጥናት መሠረት የኢትዮጵያ ሥራ አጥነት 8 በመቶ ነው ይላል። በከተማ 18.7፣ በገጠር 5.2። ከሥሩ ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ከ30 በመቶ በላይ እንደሆነ ተጽፏል። ታዲያ እኛ ከደቡብ አፍሪካ ያን ያህል እንሻላለን ማለት ነው? ሰው እኮ ሥራ ፍለጋ ከእኛ አገር ወደዚያ ነው የሚሄደው። ከዚያ ወደ እኛ ሲመጣ አላየሁም።

ይበልጥ ግራ የገባኝ የራሴን ቤት ስቆጥር ነው። ወንድሜ አስጎብኚ ነው። ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ሰሜን ተራሮችን እያስጎበኘ ነው የኖረው። መጀመሪያ ኮሮና መጣ። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት። ትንሽ ቀና ሊል ሲል ደግሞ ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ይወጣል። እንግዳ ከተገኘ ግማሽ ቀን ይሠራል። ካልተገኘ ተቀምጦ ውሎ ይመለሳል። ሳምንቱን ሙሉ አንድም ሰው የማያገኝበት ጊዜ አለ።

እናቴ ቅዳሜ ገበያ ጉልት ትቸረችራለች። ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም። ድሮ በኪሎ የሚገዛት ደንበኛ አሁን በመደብ ነው የሚወስደው። ውላ የምትገባው እንደ ድሮው ነው፤ ይዛ የምትገባው ግን እንደ ድሮው አይደለም። የአክስቴ ልጅ ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል።

እኔ ደግሞ ወር ሲያልቅ የአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሒሳብ እሠራለሁ። ሁለት ሦስት ቀን ቢሆን ነው። የሥራ ማስታወቂያ ማየት ግን ትቻለሁ። ኮፒ፣ ታክሲ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ከዚያ «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያላት»። ያን ገንዘብ ለቤት አስቤዛ ብሰጠው ይሻላል ብዬ ነው የተውኩት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ከእኛ ቤት ሥራ አጥ ተብሎ የሚቆጠረው ማነው? ኑሮ ሲከብድና ገበያ ሲቀዘቅዝስ ይሄ ቁጥር የግድ ይጨምራል?


ባለባጃጅ፦

እህቴ፣ እኔ ለእንደዚህ ዓይነት ቁጥር እምነት የለኝም። ምክንያቴን ልንገርሽ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሰፈር ልጆች ጋር ተደራጅተን፣ ብድር ወስደን ባጃጅ ገዛን። ያን ጊዜ ፎቶ ተነሳን፣ ስማችን ተጻፈ፣ «የሥራ ዕድል የተፈጠረላቸው ወጣቶች» ተብለን ሪፖርት ውስጥ ገባን። ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ መንገድ ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሲጠፋ፣ የመለዋወጫ ዋጋ የማይቀመስ ሲሆን ልጆቹ ድርሻቸውን እየሸጡ ወጡ። አንዱ የቀን ሥራ ይሠራል። ሌላው አገር ለቆ ሄደ። ሥራ ሲፈጠርልን መጥቶ የመዘገበን ሰው፣ ሥራው ሲጠፋብን አልመጣም።

እኔም አሁን በጊዜ መግባት ስላለ እስከ ምሽት አልሠራም። ነዳጅ ለመቅዳት የምሰለፍበት ቀን ደግሞ ከሥራ ውጭ ነው። በቀን የማገኘው ከነዳጅና ከጎማ የምትተርፍ ነገር ናት። ሥራ አለኝ ወይስ የለኝም? አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም።


መምህርት ዘአዘዞ፦

እታለም፣ የቤትሽን ሰዎች አንድ በአንድ ስላስቀመጥሽልን እኔም አንድ በአንድ ልመልስልሽ። ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ተማሪ ሳለሁ ደግሞ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ቅጽ ይዤ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከበሩ ከውጭም ከውስጥም አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ መለኪያው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ባስቀመጠው መስፈርት አንድ ሰው «ሥራ አለው» የሚባለው በጥናቱ ሳምንት ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ለክፍያ ወይም ለትርፍ ከሠራ ነው። አንድ ሰዓት! ቋሚ ደመወዝ አይጠየቅም፣ ውል አይጠየቅም፣ ጡረታ አይጠየቅም። «ሥራ አጥ» ለመባል ግን ሦስት ነገር አንድ ላይ መሟላት አለበት። ሰውየው ሥራ የሌለው መሆን አለበት። ሥራ ቢገኝ ለመጀመር ዝግጁ መሆን አለበት። ደግሞም በቅርቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለፉት 4 ሳምንታት፣ በተግባር ሥራ የፈለገ መሆን አለበት። ሥራ የሌለው ሆኖ ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሥራ አጥ አይባልም። ሥራ ያለውም አይባልም። «ከሠራተኛ ኃይሉ ውጭ» ይባላል፤ ሠራተኛ ኃይል ማለት ሥራ ያላቸውና ሥራ አጦቹ ተደምረው ነው። ተማሪውም፣ ጡረተኛውም፣ ፈልጎ ፈልጎ የደከመውም እዚያ ይገባል።

አሁን ቤትሽ እንግባ። እናትሽ ሥራ አላቸው። መደቧ ብትሸጥም ባትሸጥም ገበያ ውለዋል። የአክስትሽ ልጅ ሰሊጥ እያጨደ ነው፣ ሥራ አለው። ወንድምሽ በጥናቱ ሳምንት ለግማሽ ቀን እንግዳ ካገኘ ሥራ አለው። በሚቀጥለው ሳምንት ምንም ካላገኘ፣ ግን ፒያሳ እየወጣ ከጠየቀ፣ ሥራ አጥ ነው። ሰውየው አልተለወጠም፣ ኑሮው አልተለወጠም፣ መልሱ ግን ተለወጠ። አንቺ ደግሞ ቅጽ የያዘው ሰው የመጣው ወር ሲያልቅ ከሆነ ሥራ አለሽ። በወሩ አጋማሽ ከመጣ፣ ሥራ መፈለግ ስለተውሽ በዓለም አቀፉ መስፈርት ሥራ አጥም አትባዪም። ከሠራተኛ ኃይሉ ውጭ ነሽ።

እዚህ ላይ አገራችን ትለያለች። የእኛ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት (የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ) መስፈርቱን ላላ አድርጎ ነው የሚሠራበት። ሥራ የሌለውና ለመሥራት ዝግጁ የሆነ ሰው፣ ባይፈልግም፣ ሥራ አጥ ተብሎ ይቆጠራል። በፈረንጆቹ 1982 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርትም የተለመደው የሥራ አፈላለግ መንገድ በማይሠራበት አገር ይህን ይፈቅድ ነበር። እኔ ትክክል ነው እላለሁ። የቅጥር ማስታወቂያ የማይደርስበት ሰፈር ሄዶ «ሥራ በምን በምን ፈለግሽ?» ብሎ መጠየቅ ሰውን ማስጨነቅ ነው። ስለዚህ አንቺ በወሩ አጋማሽ በእኛ አገር ቆጠራ ሥራ አጥ ነሽ፤ በሌላ አገር ዋና መለኪያ ብትለኪ ግን የለሽበትም። ከዚህ ብቻ ተነስተሽ ሁለት አገር ጎን ለጎን ማስቀመጥ እንዴት እንደሚያሳስት ተመልከቺ።

መስፈርቱ ላላ ብሎም ታዲያ 8 በመቶው ለምን አነሰ? ልቤን የሚያመኝ ክፍል ይሄ ነው። በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል ድጎማ የለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) የስንብት ክፍያ አለ፤ እሱም በውል ተቀጥሮ ለነበረ ሰው ነው። ጉልት የምትቸረችር እናት ገበያዋ ቢጠፋ የሚከፍላት የለም። ስለዚህ ደሃ ሰው ሥራ አጥ ሆኖ መቀመጥ አይችልም። ልጆቹ የሚበሉት ያንኑ ቀን ነው። ሸክም ይሸከማል፣ ልብስ ያጥባል፣ ቆሎ ቆልቶ ይወጣል። ያን ሳምንት ሥራ ያለው ሆኖ ይቆጠራል። ገጠር ውስጥ ደግሞ መሬት ያለው ገበሬ፣ ቤተሰቡም ጭምር፣ ምርቱ ቢበቃም ባይበቃም ሥራ ላይ ናቸው። 5.2 ከዚያ የመጣ ነው። ከተማ ላይ 18.7 የደረሰው ቅጥር ስለሚጠበቅና ወላጅ ቤት እየበላ የሚጠብቅ የተማረ ወጣት ስላለ ነው። የከተማ ሴቶች ሥራ አጥነት ደግሞ የወንዶቹን እጥፍ ገደማ ነው።

ደቡብ አፍሪካን ከዚህ አንጻር እያት። እዚያ የራሱን ማሳ የሚያርስ ሰው ጥቂት ነው። የጉልቱም የጀብሎውም ዓይነት ሥራ ከሌላው የአፍሪካ አገር ሲተያይ ያነሰ ነው። መንግሥት ለደሃ ቤተሰብ የሚሰጠው ድጎማ አለ። ስለዚህ ሥራ የሌለው ሰው ሥራ የሌለው ሆኖ ይታያል። እኛ ጋ ግን በጉልትና በማሳ ይሸፈናል። 8ን ከ30 ጋር አስተያይቶ ማን ተሻለ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፦ ነገር ሲከፋ ቁጥሩ የግድ ይጨምራል? አይጨምርም። አንዳንዴ ጭራሽ ይቀንሳል።

ያችው ደቡብ አፍሪካ ምስክር ናት። በፈረንጆቹ 2020 ሁለተኛ ሩብ ዓመት፣ ኮሮና አገር በዘጋበት ጊዜ፣ 2.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሥራውን አጣ። የሥራ አጥነት ምጣኔው ግን ከ30.1 ወደ 23.3 በመቶ ወረደ። ለምን? ሰው ከቤት እንዳይወጣ ተከልክሏል። ካልወጣ ሥራ አይፈልግም። ካልፈለገ ሥራ አጥ አይባልም። ተስፋ የቆረጡትን ጭምር የሚቆጥረው ሰፊው መለኪያቸው በዚያው ጊዜ ከ39.7 ወደ 42 በመቶ ወጥቷል። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እገዳው ላላ ሲልና ሰው ፍለጋ ሲወጣ ዋናው ምጣኔ 30.8 ሆነ። ርዕሱን ብቻ ያነበበ ሰው መጀመሪያ «ተሻሻለ»፣ ቀጥሎ «ባሰ» ይላል። የሆነው የዚያ ተቃራኒ ነው።

ሒሳቡን በወረቀት እንሥራው። አካውንታንት ስለሆንሽ ይቀልሻል። አንድ ሰፈር ውስጥ ለሥራ የደረሱ 100 ሰዎች አሉ እንበል። 60ዎቹ ይሠራሉ። 15ቱ ይፈልጋሉ። 25ቱ ተማሪም፣ ጡረተኛም፣ ቤት የሚውሉም ናቸው። ሠራተኛ ኃይሉ 60 ሲደመር 15፣ 75 ነው። ሥራ አጥነቱ 15 ለ75 ሲካፈል 20 በመቶ። አሁን ገበያው ቀዘቀዘና 10 ሰዎች ሥራቸውን አጡ። የሚሠሩት 50 ሆኑ። ሥራ የሌላቸው 25 ሆኑ፤ ከእነዚህ ግን 13ቱ ተስፋ ቆርጠው መፈለግ ተዉ። የቀሩት ፈላጊዎች 12 ናቸው። ሠራተኛ ኃይሉ 62። 12 ለ62 ሲካፈል 19.4 በመቶ። አሥር ቤት እንጀራ ጠፋ፣ ምጣኔው ግን ቀነሰ።

በዚህ ሰፈር እውነቱን የሚነግርሽ ሌላ ቁጥር ነው። ከ100 ሰው የሚሠራው ስንት ነው የሚለው። ከ60 ወደ 50 ወርዷል። የቅጥር ምጣኔ ይባላል፣ ለሥራ ከደረሰው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር። ማንም ተስፋ ቢቆርጥ ባይቆርጥ ይሄ ቁጥር አይሸሸግም። ሪፖርት ስታነቢ መጀመሪያ እሱን ፈልጊ። ሁለቱ ምጣኔዎች አብረው ከወረዱ ተጠንቀቂ፤ ሰው ከገበያው እየወጣ ነው ማለት ነው።

ባለባጃጅ ወንድሜ፣ አንተ ያልከው ደግሞ ሌላ ዓይነት ቁጥር ነው። «ይህን ያህል ሥራ ተፈጠረ» የሚለው ከየወረዳው የሚሰበሰብ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ነው፤ ቤት ለቤት የሚደረገው ጥናት አይደለም። የሚደምረው የተከፈተውን ነው፤ የተዘጋውን አይቀንስም። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አትጣላቸው። ቤት ለቤት የሚሠራው ጥናት ቢመጣብህ የዛሬውን ይጠይቅሃል። ባጃጅ የገዛህበትን ዓመት አይጠይቅህም።


ሪሴፕሽን፦

መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የምሠራበት ሆቴል ሰው አላባረረም። በወረቀት ላይ ሁላችንም ሠራተኞች ነን። ግን ክፍሎቹ ባዶ ስለሆኑ በተራ ነው የምንገባው። ግማሹን ወር እንሠራለን፣ ግማሹን ቤት እንቀመጣለን፣ ደመወዙም ግማሽ ነው። ጉርሻ የሚባል ነገር ተረስቷል። ከእኛ መካከል ጭራሽ «ያለ ደመወዝ ፈቃድ» ላይ ያሉ አሉ። «ቱሪስት ሲመጣ እንጠራችኋለን» ተብለው ነው። እነሱስ ምን ተብለው ይቆጠራሉ? ለጥምቀት ትንሽ ሰው ይገባል፣ ያን ሳምንት ሁላችንም እንጠራለን፣ ከዚያ ያው ነው።


የአራዳዋ፦

መምህርት፣ በጣም ነው የማመሰግንዎት። ሒሳቡን ራሴ በወረቀት ሠርቼ አየሁት። 19.4 ሲመጣ ደነገጥኩ። ለወንድሜም አሳየሁት። እሱ የጠየቀው እንዲህ ነው፦ «ታዲያ ግማሽ ቀን የሠራሁትን ሳምንት ሥራ አለው ብለው ከጻፉኝ፣ የጠፋው አምስት ቀን የት ይመዘገባል?» የሪሴፕሽን ጥያቄም ከዚሁ ጋር የሚሄድ መሰለኝ።


መምህርት ዘአዘዞ፦

የወንድምሽ ጥያቄ የሁሉም ጥያቄ ነው። የጠፋው አምስት ቀን የሚመዘገብበት ቦታ አለ። ጥሩ ጥናት «ሠርተሃል ወይ?» ብሎ አያቆምም። ስንት ሰዓት ሠራህ? ተጨማሪ ሥራ ብታገኝ ትሠራለህ? ብሎ ይቀጥላል። ያነሰ ሰዓት ሠርቶ ተጨማሪ መሥራት የሚፈልግና የሚችል ሰው «በሰዓት ያልሞላ ሥራ ያለው» ተብሎ ለብቻው ይቆጠራል። ችግሩ ይሄ ቁጥር ሪፖርቱ ውስጥ ጠልቆ ነው የሚገኘው። ዜናው ላይ የሚነበበው የመጀመሪያው ብቻ ነው። እንደ ጎንደር ባለ በቱሪስት፣ በጉልትና በዕለት ሥራ በሚኖር ከተማ ግን ቀውስ ቀድሞ የሚገባው በሰዓቱና በገቢው በኩል ነው። የሥራ አጥ ቁጥር ላይ መጨረሻ ነው የሚደርሰው፣ ወይም ከናካቴው አይደርስም።

ሪሴፕሽን፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ላይ ያሉት ነገር ታላላቆቹንም ያሳሳተ ነው። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2020 አሜሪካ ውስጥ ሥራ አጥነት 14.7 በመቶ ተብሎ ታወጀ። ያኔ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሯቸው ራሱ ከዜናው ጋር አንድ ማስታወሻ አወጣ። በኮሮና ምክንያት ለጊዜው ቤት የተቀመጡ ብዙ ሰዎች «በሌላ ምክንያት ከሥራ የቀሩ» ተብለው ሥራ ካላቸው ጋር ተመዝግበዋል፤ በትክክል ቢመዘገቡ በ14.7ቱ ላይ 5 መቶኛ ነጥብ ገደማ ይጨመርበት ነበር አለ። ቁጥሩን ግን በኋላ ተነስተው አላስተካከሉትም፤ ጠያቂዎቹ የጻፉት መልስ እንዳለ ይቀመጥ ብለው ስህተቱን በግልጽ ተናገሩ። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት የቁጥሩን ጉድለት ከቁጥሩ ጋር አብሮ ሲያወጣ እምነቴ ይጨምራል።

እነዚያ የሆቴል ልጆች የሚመለሱበት ቀን ከታወቀና ውላቸው ካለ፣ ለጊዜው ከሥራ የቀሩ ይባላሉ፣ ሥራ ካላቸው ጋር ይቆጠራሉ። መመለሳቸው የማይታወቅ ከሆነ ግን ሥራ እንዳላቸው መጻፍ ልክ አይደለም። ቅጽ የያዘው ሰው ይህን አጥብቆ ካልጠየቀ ይስታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥራ አጥነት ከቀውሱ ኋላ ኋላ ነው የሚሄደው። ቀጣሪ መጀመሪያ ሰዓት ይቀንሳል፣ ከዚያ አዲስ መቅጠር ያቆማል፣ ማባረር መጨረሻው ነው። ሲሻለውም በችኮላ አይቀጥርም፣ ያሉትን ሰዎች ሰዓት ይጨምራል። በፈረንጆቹ 2008 በተከሰተው ቀውስ የአሜሪካ ምጣኔ ሀብት መውደቁን ያቆመው ሰኔ 2009 ነው፤ ሥራ አጥነቱ ጣሪያ የነካው ግን በጥቅምት 2009 ነው፣ 10 በመቶ። ስለዚህ ነገ ሰላም ወርዶ እንግዳ መግባት ቢጀምር፣ ቁጥሩ ወዲያው ካልተሻሻለ አትደናገጡ። ሰው «አሁንስ ሥራ ይገኛል» ብሎ ፍለጋ ሲወጣ ምጣኔው ለጊዜው ከፍ ሊልም ይችላል።


ገንዳ ውሃ፦

እኔ መተማ በኩል ነኝ። ቤት ለቤት የሚጠይቁት በየትኛው ወር እንደሆነ ትልቅ ነገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ አረም ነው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ አጨዳ ነው። ሰሊጥ ደርሶ ሳይታጨድ ከቆየ ፍሬው ይረግፋል፣ ስለዚህ ባለሀብቱ ሰው በተገኘበት ዋጋ ይቀጥራል። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ሰው ይጎርፋል። ያኔ ብትጠይቁ ሥራ አጥ የሚባል የለም። አጨዳው ሲያልቅ ያ ሁሉ ሰው ተመልሶ በየከተማው ጥግ ይቆማል። የአክስትሽ ልጅ አሁን ሥራ ያለው ነው። ከሁለት ወር በኋላ ምን እንደሚሆን እሱም ያውቀዋል።


መምህርት ዘአዘዞ፦

ወንድሜ ልክ ነህ። ለዚህ ነው አንድ ወር ላይ የተሠራን ጥናት ሌላ ወር ላይ ከተሠራ ጋር ዝም ብሎ ማወዳደር የማይገባው። በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ የሚለኩ አገሮች የወቅቱን ውጣ ውረድ በስሌት ያወጡታል። እኛ ጋ ሰፊው አገር አቀፍ ጥናት በየዓመቱ አይደረግም። ከ2013ቱ በፊት የነበረው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የአገሩ 4.5፣ የከተማው 16.5 በመቶ ነበር። በመካከሉ የከተማ ብቻ ጥናቶች ነበሩ። የ2013ቱ ደግሞ ትግራይን አላካተተም፣ ጦርነት ላይ ስለነበረች። ስለዚህ የአራዳዋ ጓደኛ የላከችው 8 በመቶ ዛሬ ስለምንኖረው ኑሮ አይናገርም። ከዚያ ወዲህ በእኛ በኩል የሆነውን፣ በ2016 ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የመጣውን የዋጋ ንረት፣ አንዱንም አላየም። ያየው የዚያን ጊዜውን ሳምንት ነው።


ባለባጃጅ፦

መምህርት፣ እንግዲያው ቤታችን ቢመጡ ምን ብለን እንመልስ? ሰው እኮ ይፈራል። ቅጽ የያዘ ሰው ሲያይ ግብር የመጣ ይመስለዋል። ገቢውን ይደብቃል ወይ ጭራሽ ሥራ የለኝም ይላል።


መምህርት ዘአዘዞ፦

ፍርሃቱን አይቼዋለሁ። የስታቲስቲክስ ጥናት ላይ የሰጠኸው መልስ የሚወጣው ተደምሮ ነው። ስምህ ለብቻህ ለግብር አይሰጥም፣ ምስጢር እንዲጠበቅ በሕግ የተደነገገ ነው። የመጣውን ሰው መታወቂያና ደብዳቤ አሳየኝ ማለት መብትህ ነው።

የሚከብደው ሌላ ነው። እኔ በዞርኩባቸው ቤቶች በር ከፍተው «ሥራ የለኝም፣ ቤት ነኝ» የሚሉኝ እናቶች ብዙ ነበሩ። ከጀርባቸው በርሜል ጠላ ይታየኛል። ወይ በረንዳው ላይ የሚሸጥ እንጀራ ተደርድሯል። ለእነሱ ሥራ ማለት ቢሮ ነው። ዝም ብዬ «ቤት የምትውል» ብዬ ብጽፍ ያ ሁሉ ድካም ከአገር ሒሳብ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ «ለጥቂት ሰዓትም ቢሆን የሚሸጥ ነገር አዘጋጅተዋል ወይ?» ብዬ ደግሜ እጠይቅ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ አባወራው ስለ ሁሉም ይመልሳል። ልጁ ግማሽ ቀን ሸክም እንደሠራ አያውቅም። ሚስቱ ተጨማሪ ሥራ እንደምትፈልግ አያውቅም።

የአራዳዋ፣ እናትሽን ስለ ራሳቸው ራሳቸው ይመልሱ በያቸው። ስንት ሰዓት ገበያ እንደዋሉ ይናገሩ። ወንድምሽ «አስጎብኚ ነኝ» ብሎ አያቁም፤ በዚያ ሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራና ሙሉ ሳምንት ቢገኝ እንደሚሠራ ያስመዝግብ። አንቺም ወር መጨረሻ የምትሠሪውን ተናግረሽ፣ ቋሚ ሥራ ቢገኝ ነገ ለመጀመር ዝግጁ መሆንሽን ጨምሪ። «መፈለግ ለምን ተውሽ?» ብለው ከጠየቁሽ የኮፒውንና የታክሲውን ነገር እንዳለ ንገሪያቸው። ለዚያ መልስ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ አለ።